አንገቴ ላይ የዞረው ጥለት

ይሄን ታሪክ ስናገር ሰው መሃሉ ላይ ይስቃል። እናንተም ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ እኔም ስቄያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቡልኝ፦ ስቃችሁ እንዳበቃችሁ ተነሥታችሁ አትሂዱ። ትልቁ ነገር የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው፤ እስካሁን ባሰብሁት ቁጥር ሰውነቴን ይወርረኛል።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቤት ውስጥ ሦስት ነን፤ ኢማ የምንላት እናቴ ብርቱካን፣ ወታደር የሆነው ወንድሜ አቪ፣ እና እኔ ኤደን። አራተኛ ይቆጠር ከተባለ የስፌት መኪናዬ አለች። ማትናስ የምንለው የሰፈራችን የሕዝብ አዳራሽ አዳዲስ መኪናዎች ሲገዛ አሮጌዋን ለእኔ ሰጡኝ። ስትሰፋ ዳገት እንደያዘ አውቶቡስ ታጓራለች። ከታች ያሉት ጎረቤታችን አባባ ይርጋ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ "ኤደን፣ ዛሬስ ወዴት ነው የምትነጂው? ለእኔም ወንበር ያዥልኝ" ይሉኛል።

የምሰፋው ቦርሳ ነው። ቀሚስ ሰው ይመርጣል፤ ወፍረሻል፣ አጥረሻል ይላል። ቦርሳ ማንንም አይመርጥም። መጀመሪያ ከአቪ አሮጌ ጂንስ ሰፋሁ፤ ቀጥሎ ከመጋረጃ። ከዚያ የሰፈሩ እናቶች ያረጀ ነጠላቸውን ይሰጡኝ ጀመር፤ መሃሉ የሳሳ፣ ጥለቱ ግን ገና ቀለሙን ያልለቀቀ። ስግድ በሚባለው የእኛ የቤተ እስራኤሎች በዓል ሳምንት ማትናስ ውስጥ ባዛር ሊኖር ነው፤ ለእኔም ጠረጴዛ ተሰጥቶኛል። ስለዚህ ማንም አይቶት የማያውቅ ቦርሳ መሥራት አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ሠራሁም! ማንም አይቶት አያውቅም ነበር።

እንዴት እንደነበረ ልንገራችሁ። ነጠላ ስስ ስለሆነ ብቻውን ዕቃ አይሸከምም። ስለዚህ ከውስጥ ጠንካራ የመጋረጃ ጨርቅ ገበር አደረግሁለት። ማንገቻውን እንደ ነጠላው ሰፊ አደረግሁት፤ ሁለቱንም ትከሻ ሸፍኖ ይወርድና ወገብ ጋ ሲደርስ ተጣጥፎ ቦርሳ ይሆናል። ከሩቅ ያየሽ ሰው ነጠላ የለበስሽ ነው የሚመስለው። ዚፑን ስትከፍቺ ነው ጉዱ የሚታየው። ጥለቱስ የት ይሁን? ታች ቢውል እግር ሥር ማን ያየዋል? ብዬ ወደ ላይ ገለበጥሁት። አንገቴ ዙሪያ እንደ ሐብል ዞረ። በመስታወት አየሁት፣ እና "ኤደን፣ አንቺ ሊቅ ነሽ" አልሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት።

ነጠላ ለብሳችሁ ያደጋችሁ አንባቢዎች አሁን እጃችሁን አፋችሁ ላይ እንደጫናችሁ አውቃለሁ። ዝም በሉ፤ ሌሎቹ ገና አላወቁም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ነጭ በነጭ ላይ ስሰፋ ውዬ ዓይኔ በርበሬ መስሏል። የመጨረሻው ስፌት ላይ ክር አለቀብኝ። የክር ሱቁ ደግሞ ወደ ባቡር ጣቢያው መንገድ ላይ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ባለቤቱ ቶሎ ይዘጋል። ቦርሳውን አንገቴ ላይ እንዳደረግሁ፣ በሩን እንኳ ሳልቆልፍ እየበረርሁ ወጣሁ። እግረ መንገዴን ሰው ያየኛል፣ ያደንቀኛል፣ ምናልባት አንዷ ከባዛሩ በፊት ቀድማ ታዝዘኛለች እያልሁ።

ከሕንፃችን ፊት ለፊት፣ ከዛፉ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። የሰፈራችን ዜና የሚነበበው እዚያ ነው። እማማ ማሚት መሃል ላይ፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሳቃቸውን እንጂ እንባቸውን ያየ ሰው የለም ይባላል። ከጎናቸው እትዬ ዝማም ነበሩ፤ ምላሳቸው ከእኔ መቀስ የሚብስ። ሌላ ቀን ቢሆን "አንቺ፣ ምን አስሮጠሽ? ባል ተገኘ?" ይሉኝ ነበር።

ያን ቀን ግን ሁለቱም አፍጥጠው አዩኝ።

እትዬ ዝማም የያዙት የሱፍ ፍሬ ከእጃቸው ወደቀ። እማማ ማሚት በምርኩዛቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። እኔም፣ ተደነቁ፣ ብዬ ልቤ ሞላ። እጄን አውለበለብሁላቸውና ሮጥሁ። ስዞር እማማ ማሚት እንደቆሙ ነበሩ። "ቦርሳዬ ባልቴት አስነሣ!" እያልሁ ሄድሁ።

ክሩን ገዛሁ። ጣቢያው አጠገብ ጓደኛዬን አግኝቼ ወሬ ያዝን። ወደ ቤት ስመለስ ፀሐይዋ ወደ ሕንፃዎቹ ጀርባ እየወረደች ነበር። አግዳሚው ወንበር ባዶ ነው። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

የሕንፃችን በር ላይ አባባ ይርጋ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር በላይ በላዩ ደርበው ሲሸከሙ አገኘኋቸው። አልቀለዱም። "ዛሬስ ወዴት ነው የምትነጂው?" አላሉኝም። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና፣ "አይዞሽ ልጄ" ብለው ወደ ላይ ወጡ።

"አይዞሽ" የሚባለው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደረጃውን ስወጣ የንፍሮ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ስንዴና ባቄላ አብሮ ሲቀቀል የሚሸተውን እኔ የማውቀው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ለቅሶ ቤት ስንሄድ። ከአንደኛው ፎቅ ጀምሮ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሳልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ሽታው ከእኛ ቤት ነበር።

በሩ ተከፍቷል። ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። እንደ ለቅሶ ቤት ወግ መስታወቱ ላይ አንሶላ ጣል ተደርጓል። የስፌት መኪናዬ በረንዳ ላይ ወጥታለች፤ መቀሴ፣ ጨርቄ ሁሉ ተጠቅልሎ ከጎኗ ተቀምጧል። እናቶቹ ሁሉ አሉ። እማማ ማሚት ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ዝማም አቅፈው ሳሙኝና፣ "ነይ፣ ነይ የኔ እናት፣ ተቀመጪ። ብቻሽን አይደለሽም" አሉኝ። እትዬ ዝማም "የኔ እናት" ብለውኝ አያውቁም።

አቪ።

ሌላ ማን ይሆናል? እናቴ ሥራ ላይ ናት። ያ ወቅት ደግሞ ዜና በተባለ ቁጥር ወታደር ያለው ቤት ሁሉ ትንፋሹን የሚይዝበት ወቅት ነበር። "ምን ሆነ?" ብዬ ለመጠየቅ አፌን ከፈትሁ። ግን ተውሁት። በእኛ ዘንድ መርዶ አይጠየቅም። የሚያረዳው ሰው ጊዜውን ያውቃል፤ የሚረዳው ደግሞ እስኪነገረው ይጠብቃል። ቁጭ አልሁ። ስልኬን አውጥቼ አቪ ጋ ደወልሁ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልሁ። ዝግ ነው። ከዚያ እንባዬ መጣ፤ ቦርሳው ላይ፣ ጥለቱ ላይ ተንጠባጠበ።

ስጮህ ቤቱ ሁሉ ከእኔ ጋር አለቀሰ።

ለእናቴ ማን ደወለላት? ማንም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን፣ አስፋልት ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ አይወድቅም። ቀድመው ቤቱን በሰው ይሞሉታል፤ ስትወድቅ የምትወድቅበት ክንድ እንዲኖር። እናቴ አጎራባቹ ከተማ፣ ነስ ጺዮና፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። የምትመጣበትን አውቶቡስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባባ ይርጋ ወንበሩን ጨርሰው ሊቀበሏት ወደ ፌርማታው ወረዱ።

ከመስኮቱ አየኋት። እናቴ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ብርቱካንና ዳቦ የያዘ ፌስታል አንጠልጥላ ትመጣለች። አባባ ይርጋ ፌስታሉን ተቀብለዋት ከጎኗ ይራመዳሉ። ስለ ዝናብ ነው ያወሯት፤ በኋላ ነገረችኝ። "ዘንድሮ ዘገየ፣ አይደል ብርቱካን?" ይሏታል። እሷም "አዎ፣ ዘገየ" ትላለች። ግን ስለ ዝናብ ለማውራት ማን ፌርማታ ድረስ ይመጣል? እግሯ እየከበደ፣ እየከበደ ሲሄድ ከላይ ሆኜ አየሁት።

ስትገባ ሁሉም ተነሣ። ዓይኗ ሰዉን አልፎ፣ ወንበሩን አልፎ እኔ ላይ መጣ። ፊቴን አይደለም ያየችው። አንገቴን ነው። አንገቴ ላይ የዞረውን ጥለት አየችና ወደ ኋላ ተንገዳገደች። አባባ ይርጋ ከኋላ ያዟት።

"ኤደን፣ ማነው?" አለች። ድምፅዋ ሹክሹክታ ነበር። "ለማን ነው ያዘቀዘቅሽው?"

"ምኑን?"

"ማነው ብዬሻለሁ! ልጄ ነው? ንገሪኝ፣ ልጄ ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ኢማ!" እያልሁ ጮህሁ። "እነሱ ናቸው የሚያውቁት! ገብቼ ሳያቸው ተቀምጠዋል!"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እማማ ማሚት ቀስ ብለው፣ "እኛ ከማን እንሰማለን ልጄ?" አሉ። "ካንቺ ነው እንጂ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ፣ ዓይንሽ ቀልቶ፣ መንገድ ለመንገድ ስትሮጪ አየንሽ። ያዘነ ሰው ነው ጥለቱን ወደ አንገቱ የሚያዞረው። ወንድሟ ወታደር ነው፣ ተረድታ ነው ብለን መጣን።"

"ይሄ?" አልሁ። "ይሄ'ኮ ቦርሳ ነው!"

ከአንገቴ አውጥቼ ዚፑን ከፈትሁ። የክር ጥቅሉ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ፤ ክሩን እየተረተረ እትዬ ዝማም እግር ሥር ቆመ። ሁሉም ዓይኑን ክሩ ላይ ተከለ።

"ቦርሳ" አሉ እትዬ ዝማም። "ለቦርሳ ነው ይህን ሁሉ ንፍሮ የቀቀልሁት?"

ማንም አልሳቀም። እናቴ ገና አላመነችም። ለቅሶ ቤት መስሎ የተሰናዳ ቤት ውስጥ ቆማ "ምንም የለም" ብትባል የትኛዋ እናት ታምናለች? "ድምፁን ካልሰማሁ" አለች። ከእጄ ስልኩን ነጥቃ ደወለች። ዝግ። ደወለች። ዝግ። ደረጃ ላይ ያሉት ወንዶች ሁሉ በሩ ላይ ተጠጋግተዋል። እንደገና ደወለች።

ጠራ።

"ሃሎ? ኢማ? ምን ሆናችሁ? ዘብ ላይ ነበርሁ፣ ስልክ ክልክል ነው፣ አሁን መክፈቴ ነው..."

እናቴ ድምፅ ማጉያውን ከፈተች። ስልኩን ወደ ላይ አነሣችው፤ ሁሉም ይስማ ብላ።

"ኢማ? ሃሎ? ቤሰደር ነው? ሰላም ናችሁ? ለሻባት፣ ቅዳሜ ልመጣ ነው፣ ያላ፣ በይ ጥሩ ነገር ሥሪልኝ፣ የዚህ ምግብ አንጀቴን ቆረጠው..."

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እትዬ ዝማም ስልኩን ነጥቀው፣ "አንተ! ንፍሮህ ደርሷል፣ ና ብላ!" አሉት። አቪ ምንም አልገባውም። አባባ ይርጋ ወንበር ላይ ዘጭ ብለው፣ "ኤደን፣ ዛሬ በጣም ሩቅ ነዳሽን" አሉኝ። እናቴ ስታለቅስም ስትስቅም በእንባዋ ውስጥ ጆሮዬን ትቆነጥጠኛለች። ከሳቅ ብዛት የሚያስለው፣ የሚደገፈው፣ መሬት የሚቀመጠው ብዛቱ!

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚነሣው። እናንተ ግን ቃል ገብታችኋል።

ሰዉ ጫማውን ፍለጋ ሲጀምር እማማ ማሚት አልተነሡም። ምንጣፉ ላይ እንደነበሩ ናቸው። "እስቲ ያን ነገርሽን አምጪው" አሉኝ። ይቆጡኛል ብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ስፌቴን ገለበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ ቦርሳውን በራሳቸው ላይ አጥልቀው አንገታቸው ላይ አዞሩት።

"ማሚት፣ ምነው? ደስታ ነው'ኮ" አሉ እትዬ ዝማም።

"ደስታው ደስታ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ቤቱ ለለቅሶ ተሰናድቷል። ሰዉ አለ። ንፍሮው አለ። ነጠላውም ተዘቅዝቋል።" ጥለቱን አንገታቸው ላይ አስተካከሉ። "እኔ የማለቅሰው አለኝ።"

መብራት ያበራ ሰው አልነበረም። በመስኮቱ የምትገባው የመጨረሻዋ ብርሃን ነጠላው ላይ አረፈች።

"አዱኛ ልጄ" አሉ እማማ ማሚት። "በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ስንመጣ፣ ሱዳን መንገድ ላይ ነው የቀረው። ትኩሳት ያዘው። መሪያችን 'ድምፅ የምታሰማ ሁላችንንም ታስጨርሳለች' አለን፤ ሽፍታው ቅርብ ነበር። አላለቀስሁም። ሰው ሁሉ ነጠላሽን እንኳ አላዘቀዘቅሽም ሲል፣ ምን ላዘቅዝቅ? ያለችኝ አንዲት ነጠላ ናት፤ እሱን ገነዝሁባት። እዚህ ደረስን፤ ቤት ሰጡን፣ ሥራ ገባን። ማን ተቀምጦ ያልቅስ? በየዓመቱ በመንገድ ለሞቱት መታሰቢያ ኢየሩሳሌም ወስደው ተራራው ላይ ያቆሙናል፣ ሹም ይናገራል። ደግ ነው፣ ይክበሩ። እሱ ግን የሁሉም ነው። የአዱኛ ለቅሶ፣ የብቻው ለቅሶ፣ አልተለቀሰም።"

ከዚያ አለቀሱ። አልጮሁም። ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ዜማ ነበር። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ምንጣፉ ወርደው ዙሪያቸውን ተቀመጡ። ወንዶቹ በሩ ላይ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ።

እማማ ማሚት ሲበቃቸው ቦርሳውን አውጥተው ለእትዬ ዝማም ሰጧቸው። እትዬ ዝማም፣ ያ ምላሳቸው የት እንደገባ እንጃ፣ እንደ ሕፃን ተቀብለው አጠለቁት። "እኔ እንኳ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት" አሉ። "እናቴ አገር ቤት ቀረች። መርዶዋ በስልክ ነው የመጣልኝ። መጥረጊያ ይዤ፣ የሰው ቢሮ ውስጥ። አለቃዬ ያላ፣ ያላ፣ ቶሎ በይ ይለኛል፤ እኔ ወለሉን ጠርጌ ጨረስሁ።"

ቦርሳው ከአንገት ወደ አንገት ዞረ። ነጭ በነጭ የሰፋሁት ያ ስፌት፣ ለባዛር ያልሁት ያ ማንገቻ፣ የስንቱን ስም ሰማ! ሁሉም አንድ ስም ይጠራል፣ ያለቅሳል፣ ለጎኑ ያሳልፋል። ማንም "ቶሎ በይ" አላለም።

እናቴ ጋ ደረሰ። እናቴ አሳልፋ ትሰጣለች ብዬ ስጠብቅ አጠለቀችው።

"ወለላ" አለች።

ይህን ስም በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።

"ታናሽ እህቴ። ሱዳን፣ ካምፑ ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥ ታማ እንደተኛች ትቻት ውሃ ልቀዳ ሄድሁ። ስመለስ ሊቀብሯት ወስደዋት ነበር። እኔም ልጅ ስለነበርሁ 'ሂጂ ተጫወቺ' አሉኝ። ሄጄ ተጫወትሁ።"

ሄጄ አቀፍኋት። አንድ ቤት አብሬያት ስኖር፣ በየቀኑ ስንጣላ፣ ስንታረቅ፣ ይህን የሚያህል ነገር ውስጧ ታጥፎ ተቀምጧል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ማንገቻውን ዘርግታ የእኔንም ትከሻ ሸፈነችበት። ለሁለት የሚበቃ ሰፊ አድርጌ ሰፍቼው እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሲያበቃ ንፍሮው ተበላ። መስታወቱ ተገለጠ። እማማ ማሚት ሲወጡ፣ "ለባዛሩ ስትሰፊ ጥለቱን ወደ ታች መልሺው፤ ሰው ታስደነግጫለሽ" አሉኝ። "ይሄኛውን ግን እንዳትፈቺው። ለጊዜው እኔ ጋ ይክረም።"

ባዛሩ ደረሰ፤ ጥለታቸው ታች የሆነ ቦርሳዎቼን ይዤ ሄድሁ፣ ሰውም ወደዳቸው። ግን እኔ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። አንባቢዎቼ፣ ያን ቀን ያ ሁሉ ድንጋጤ የመጣው ማንም ማንንም ስላልጠየቀ ነው። እነሱ እኔን አልጠየቁም፤ እኔም እነሱን። አለመጠየቃችን ደግሞ ከፍቅር ነው፤ ይህን አልረሳም። ሆኖም እናቴን ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ወለላን ቀደም ብዬ አውቃት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያረጀ ነጠላ ስቀበል የጨርቁን ታሪክ እጠይቃለሁ፤ የነገሩኝንም ማታ እጽፋለሁ። መጻፍ የጀመርሁት እንዲህ ነው፤ እናንተም አሁን የምታነቡኝ ለዚህ ነው።

ከበዓሉ በኋላ እማማ ማሚት ቦርሳውን መለሱልኝ፤ ሌላ ቤት የሚፈልገው ካለ እንድሰጥ። ዚፑን ስከፍት ገበሩ ላይ ያልሰፋሁት ነገር አገኘሁ። ትንሽ ኪስ። በእጅ፣ በወፍራም ክር፣ ዘመም ብሎ የተሰፋ። ስልክ አይገባበትም። ቁልፍ እንኳ በግድ ነው።

ዱሮ ቢሆን ዝም እል ነበር። "እማማ፣ ይሄ ለምንድን ነው?" አልኋቸው።

ምርኩዛቸውን እያዩ ፈገግ አሉ። "አዱኛ ኪስ ያለው ሸሚዝ አምሮት ነበር። ኢየሩሳሌም ስንደርስ እሰፋልሃለሁ ብዬዋለሁ።"

ስለዚህ ከእኔ ቦርሳ ከገዛችሁ ውስጡን ዳስሱት። ከገበሩ ጥግ ላይ ለምንም የማይበቃ ትንሽ ኪስ ታገኛላችሁ። ተሳስቼ አይደለም። ሁሉም ላይ እሰፋዋለሁ፤ የአዱኛ ነው።